የጥላ አምባ አጥር

ተረት ተረት! የላም በረት።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ተዳፋት ላይ አንድ አገር ነበር አሉ። የላይኛው ወገን ደን ነው፤ ዛፎቹ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ሰማዩን ስለከደኑት ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። የታችኛው ወገን ሣርና ቁጥቋጦ ስለሆነ ከጧት እስከ ማታ ፀሐይ ይመታዋል። የላይኞቹ አገሩን ጥላ አምባ ይሉታል፤ የታችኞቹ ፀሐይ አምባ ይሉታል። የስብሰባ ጥሪ ሲጻፍ ማንም እንዳይቀየም በሁለቱም ስም ይጻፍ ነበር።

በላይ አባ ዝግባ፣ ጋሽ ዋንዛ፣ ሾላና ብሳና ነበሩ፤ በእነሱ ሥር ቡና ተጠልሎ ይኖራል። በታች ግራር፣ ክትክታ፣ አጋም፣ ሰንበሌጥና ሰርዶ ነበሩ። እንስሳቱ እንደ ሰዓቱ ይመላለሳሉ። ላሚቱ ጧት ሣሩን ግጣ፣ ቀትር ሲሆን ከዋንዛ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች። እንዲህ ሆኖ ስንት ዘመን እንደኖረ የሚያስታውስ የለም። ዝግባ ያስታውሳል ይባላል፤ እሱ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገርም፣ የጠየቀውም የለም።

አንድ ቀን ጠብ ተነሣ። ጠቡ የድንበር ነው። ጥላ እንደሆነ አንድ ቦታ አይቆምም። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል የዛፎቹ ጥላ ቀትር ላይ ወደ ታች ወርዶ የሣሩን መሬት ይሸፍናል። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትውል ጥላው ወደ ላይ ይሰበሰባል። ሰርዶ በታኅሣሥ «መሬቴን ተነጠቅሁ» ብሎ ይከሳል፤ ቡና በሰኔ «ጣራዬ ተወሰደ» ብሎ ይከሳል። ሸንጎው የታኅሣሡን ክስ በሰኔ፣ የሰኔውን ክስ በታኅሣሥ ያይ ስለነበር ዳኞቹ ቦታው ላይ ሲደርሱ የተባለው ሁሉ ውሸት ሆኖ ያገኙታል። ከሳሾቹ በሐሰት ክስ እየተቀጡ ይመለሳሉ።

ቅጣቱ ሲበዛ «እንግዲህ አጥር ይታጠር» ተባለ።

ሰብሳቢው አያ ዝንጀሮ ነው፤ ጸሐፊዋ እመት ጦጢት። አጥር የሚሆን ሲፈለግ አጋም «እሾህ አለኝ፣ እኔ ልሁን» አለ። «አንተ የታች ወገን ነህ» ብለው የላይኞቹ እምቢ አሉ። ብሳና ራሱን ቢያቀርብ የታችኞቹ ሳቁበት። በዚህ መሐል ቁራ ከድሬዳዋ ወሬ ይዞ መጣ።

«እዚያ ግቢ የምታጥር አንዲት አለች። አበባም አላት፣ እሾህም አላት። የጠገበ ከብት አይነካትም። አገሯ ከባሕር ማዶ፣ አሜሪካ ቆላ ነው። ሰዎች አበባዋን ወድደው ከአገር አገር እያዞሩ ተከሏት። የወፍ ቆሎ ይሏታል።»

«የማን ወገን ናት?» አለ ግራር።

«የማንም።»

ይህን ሲሰሙ ሁለቱም ወገኖች ደስ አላቸው። ተልኮባት መጣች። ሸንጎው ፊት ስትቀርብ አንድ ክንድ የማትሞላ ቡቃያ ነበረች፤ ግንዷ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሏን ሲያሹት አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ አለው።

«እትዬ የወፍ ቆሎ፣ የሚስማማሽ ፀሐይ ነው ጥላ?» ብሎ ጠየቃት ዝንጀሮ።

«የሰጣችሁኝ» አለች።

ክትክታ ተነሥታ «ፀሐይ ብንሰጥሽስ?» አለች።

«አብባለሁ።»

ቡና ከዛፎቹ ሥር ሆኖ «ጥላ ብንሰጥሽስ?» አለ።

«እጠብቃለሁ።»

እመት ጦጢት መዝገቡ ላይ «ጥበቃ» ብላ ጻፈች። በአገሩ የኖረችው የረኛ ቆሎ ከጥግ ብድግ ብላ «የሥጋ ዘመዴ ናት፤ ጠባይዋን ግን እኔም አላውቀው» አለች። ዘመድ ስለ ዘመድ መናገሩ አድልዎ ነው ተብሎ ቃሏ አልተመዘገበም።

የወፍ ቆሎ በድንበሩ ላይ ተተከለች። አንድ ጎኗ ወደ ፀሐይ፣ አንድ ጎኗ ወደ ጥላ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በታችኛው ጎኗ ያሉት ቅጠሎች ትንንሽ፣ ወፍራምና ሸካራ ሆኑ፤ ግንዷ አጥሮ ጠነከረ፣ እሾኋ ወደ ኋላ ታጠፈ፣ አበባዋ ከላይ እስከ ታች ነደደ። ክትክታ አይታ «የእኛን ጠባይ ያዘች» አለች። በላይኛው ጎኗ ግን ቅጠሏ ሰፋ፣ ሳሳ። ከሥሩ ሆኖ ወደ ላይ ለሚያይ ጅማቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግንዷ ቀጥኖ ረዘመ፤ ከቅጠል እስከ ቅጠል ያለው ርቀት ስንዝር ደረሰ። ራሷን መሸከም ስላቃታት የብሳናን ክንድ ያዘች። አበባ የላትም ማለት ይቻላል። ሾላ ቁልቁል አይቶ «እንዴት ያለች ትሑት ናት! የእኛን ጠባይ ያዘች» አለ።

ቡና ጎረቤቷ ነውና አንድ ማታ ጠየቃት። «እትዬ፣ ገና ዕድገትሽ ሳይታይ ከላይሽ ዛፍ መኖሩን እንዴት አወቅሽ? ቀና ብለሽ ስታዪ አላየሁሽም።»

«ቀና ማለት ምን ያደርጋል» አለችው። «የላይኞቹ ቅጠሎች ከፀሐይ ቀዩን ብርሃን ይበሉታል። ወደ እኔ የሚወርደው እነሱ ያልፈለጉት ነው። የግብሩን ትርፍራፊ ያየ ከላይ ማን እንደተቀመጠ ያውቃል። ትርፍራፊ ብቻ ሲደርሰኝ እረዝማለሁ፣ ሙሉው ሲደርሰኝ እወፍራለሁ።»

ቡና ይህን ለሾላ ነገረው። ሾላም «ስለዚህ አክብራ ነው አንገቷን የምታስረዝመው» አለ።

አበባዋ እንዲህ ነው። በአንድ እቅፍ ውስጥ ብዙ ትንንሽ አበቦች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። መሐል ያሉት አዲስ የተከፈቱ ናቸው፣ ቢጫ ናቸው። ዳር ያሉት ቀድመው የተከፈቱት ናቸው፣ ቀልተዋል። ማሩ ያለው በቢጫው ውስጥ ነው። ቀዩ ባዶ ነው፤ ባዶውም ቶሎ አይረግፍም፣ እቅፉ ከሩቅ እንዲታይ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ቢራቢሮ ጥቂት ጊዜ ከቀዩ ላይ ባዶ አፏን ከተመለሰች በኋላ ቢጫውን ብቻ መጎብኘት ለመደች። ሸንጎው የሚያየው ከሩቅ ስለነበር «ይህ ሁሉ ሀብት!» እያለ በየስብሰባው ያመሰግናት ነበር።

ከአበባው በኋላ ፍሬ መጣ፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ። ወፎች ያለ ክፍያ በሉ። ከበሉ በኋላ የሚያርፉት ዋንዛና ሾላ ላይ ነው። ያረፈ ወፍ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። ዓመት ሳይሞላ በዛፎቹ ሥር ጣት የሚያህሉ ቡቃያዎች ቆሙ። አላደጉም፣ አላበቡም፣ አልሞቱም። ማንንም ስላላስቸገሩ ማንም አልቆጠራቸውም።

መጀመሪያ የጮኸው ሰርዶ ነው። «አጥሩ ሰፋ» አለ። «የቆመችው በአንድ መስመር ነበር፤ አሁን እኔ የተኛሁበት ድረስ መጥታለች። ከሥሯ አልበቅል አልኩ። ቅጠሏ የረገፈበት አፈር ዘሬን አይቀበለኝም።»

አቤቱታው ለማን እንደሚቀርብ ክርክር ሆነ። ስለዚህ ሁለት ቢሮ ተቋቋመ፤ የፀሐይ ጉዳይ ቢሮ በግራር፣ የጥላ ጉዳይ ቢሮ በሾላ። ሰርዶ ወደ ፀሐይ ጉዳይ ሄደ። ግራር መዝገቡን ገልጦ «ሥሯ ያለው ከድንበሩ በላይ ነው፣ ወደ ጥላ ጉዳይ ሂድ» አለው። ወደ ጥላ ጉዳይ ሄደ። ሾላ ደግሞ «አንተ የምትከሳት ወፍራም ቅጠል ያላት፣ ባለ አበባ፣ ባለ ጠንካራ እሾህ ናት። እኛ ዘንድ ያለችው ስስ ናት፣ ብሳናን ተደግፋ ነው የቆመችው። ማመልከቻህ አይገጥምም» አለው። ሰርዶ እየተሳበ ሲወጣና ሲወርድ በጋ ሆነ። ሲመለስ የተኛበት ቦታ ተይዟል። «የመኖሪያ አድራሻ የሌለው ባለጉዳይ አይስተናገድም» ተባለ።

ነገሩ እየከረረ ሲሄድ መርማሪ ተሾመ። የተመረጠው እስስት ነው። ሁለት ዓይኑ በየፊናው ስለሚዞር በአንዱ ፀሐዩን፣ በሌላው ጥላውን በአንድ ጊዜ ያያል፤ ከዚህ የበለጠ ሚዛናዊ ከየት ይገኛል? እስስት ከሁለቱም ጎን አንዳንድ ቅጠል ቀጥፎ በጅራቱ ለካ። በግራ ዓይኑ አንድ ዘገባ ጻፈ፣ በቀኝ ዓይኑ ሌላ። በፀሐዩ ዘገባ ላይ ቀለሙ ደማቅ፣ በጥላው ዘገባ ላይ ደብዛዛ ነበር ይባላል። መደምደሚያው ግን አንድ ነው። «በስፋት፣ በውፍረት፣ በቁመትና በጠባይ የማይመሳሰሉ ስለሆኑ ሁለት የተለያዩ ዕፀዋት ናቸው። የመጀመሪያይቱ ፀሐይቱ፣ ሁለተኛይቱ ጥላይቱ ተብለው ይጠሩ።»

የወፍ ቆሎ ተጠርታ ተጠየቀች።

«አንድ ነኝ» አለች።

እስስት «ተጠያቂ ስለ ራሷ ምስክር መሆን አትችልም» አለ፤ ቃሏ ተሰረዘ።

ሸንጎውም ሕግ አወጣ። ፀሐይቱ ደፋርና አጥፊ ስለሆነች ትቆረጥ። ጥላይቱ ደካማና ተደጋፊ ስለሆነች ጥበቃ ይደረግላት።

የቆረጣው ሥራ ለጃርት ተሰጠ፤ የሚከፈለው በቆረጠው ግንድ ቁጥር ነው። ጃርት ትጉህ ነበር። አንዱን ግንድ በጥርሱ ሲቆርጥ ከጉቶው አምስት ስድስት ያቆጠቁጣል፤ ስድስቱን ሲቆርጥ የበለጠ ይመጣል። በመጀመሪያው ሪፖርቱ የቆረጠው ጥቂት ነበር፤ በሁለተኛው እጥፍ ሆነ፤ በሦስተኛው የሚጻፍበት ቅጠል አልበቃ አለ። «ሥራው እያደገ ነው» ተብሎ ተጨበጨበለት፣ ሁለት ረዳትም ተቀጠረለት። በዚያው ጊዜ ጥላይቱ በሕግ ጥበቃ ሥር ሆና አንድ ቀጭን ክንዷን ወደ መሬት ጣል አደረገች። አፈር የነካው ቦታ ላይ ሥር ሰደደች። ደካማ እንደሆነች በሕግ ስለተጻፈ ይህ ዕረፍት ተብሎ ተመዘገበ።

በመካከሉ ከህንድ በኩል ባሕር አቋርጦ የሚያልፍ ጭልፊት ለአንድ ሌሊት ግራር ላይ አደረ። አጥሩን አይቶ ደነገጠ። «ይቺን አውቃታለሁ» አለ። «እኛ ዘንድ ካልካታ በሚባል ከተማ አትክልት ቦታ በአበባነት ከገባች 200 ዓመት አልፏታል። ዛሬ አጋዘኑ ሣር አጥቶ የሚንከራተተው እሷ በሞላችው ጫካ ነው። ገላጣው ላይ ቁጥቋጦ ናት፣ ጫካው ዳር ስትደርስ ዛፍ ላይ ትወጣለች።» ዝንጀሮ አዳምጦ ሲያበቃ አመሰገነው። ጦጢትም «የውጭ ጉዳይ» በሚለው ዓምድ አስገባችው። ጭልፊቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ደቡብ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ድርቅ መጣ። ሰንበሌጥ ነደደ፣ ሰርዶ ጠፋ። ላሚቱ ጠግባ ሳለች አፏን አዙራባት የነበረችውን የወፍ ቆሎ በረኀብ በላች። ላሚቱ ነጭና ጥቁር ቡራቡሬ ናት። በማግሥቱ ማመስኳት ተወች። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ፣ እንባዋ አልቆም አለ። አፍንጫዋ ቀልቶ ተሰነጣጠቀ። ፀሐይ ላይ በቆመች ቁጥር ነጩ ቆዳዋ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያም እንደ ልጣጭ ይነሣል። ጥቁሩ ቆዳዋ ምንም አልሆነ። ነጩ የሚያልቅበትና ጥቁሩ የሚጀምርበት መስመር በጣት ተከትለው የሚሄዱበት ያህል ግልጽ ነበር።

ኤሊ አሮጌ ሐኪም ነውና አይቶ «መርዙ ጉበቷን ይዞታል። ፀሐይ ጠላቷ ሆኗል። ጥላ ውስጥ ትቀመጥ» አለ።

ላሚቱ እየተጎተተች ወደ ዋንዛ ሥር ወጣች። የድሮ መኝታዋ ላይ ጥላይቱ ሞልታለች። ልትገፋት ብትል እሾኋ ያዛት፤ እሾህ ብቻም አይደለም፣ ሕግም አለ። «ጥበቃ የሚደረግላት ናት፣ አትንኪ» ብለው መለሷት። ወደ ፀሐይ ጉዳይ ቢሮ ሄዳ ካሣ ጠየቀች። ግራር ዙሪያዋን አይቶ «የታመመው ነጩ ነው፣ ጥቁሩ ጤነኛ ነው። የታመመው ግማሽሽ ነው። ለግማሽ ላም የተዘጋጀ ካሣ የለንም፤ ወይ ሙሉ ታመሚና ተመለሺ፣ ወይ ጤነኛዋ ግማሽ ታሳክምሽ» አላት።

ላሚቱ ከፀሐይ እየሸሸች በድንጋይ ጥግ፣ በጉድባ ውስጥ መዋል ጀመረች። ይህን ያዩ የታችኞቹ ተቆጡ። «ሣራችንን በልታ አድጋ ዛሬ ፀሐያችንን ጠላች! የላይኞቹ ሰላይ ሆናለች» አሉ። ክስ ተመሠረተባት። የክሱ ስም «ፀሐይ ጥላቻ» ነው። ፍርዱም ታማኝነቷን እንድታስመሰክር ለሦስት ቀን ከጧት እስከ ማታ ገላጣው ላይ እንድትቆም ነበር። ሦስተኛውን ቀን አልጨረሰችም። መዝገቡ ተዘጋ።

ጥጃዋ ግን ይጮኽ ነበር። ጩኸቱ ሸንጎውን እንቅልፍ ስለነሣ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ስብሰባ ላይ ክትክታ አንድ ሐሳብ አቀረበች። «ፀሐይቱን ይኸው እየቆረጥን ነው። ጥላይቱ ግን የተደበቀችው በጥላው ውስጥ ነው። ጥላውን ብናነሣባት ምን ታደርጋለች?»

ሐሳቡ ለሁሉም ልክ መሰለ። ከደጋ የሚመጣ ከሰል አክሳይ ነበረና ይጠራ ተባለ። የቀረው ጥያቄ ማን ይቆረጥ የሚለው ነው። ብሳና «የዋንዛ ጥላ ነው የከፋው» ብሎ ድምፅ ሰጠ። ዋንዛ «የሾላ ነው» አለ። ሾላ «የብሳና ነው፣ ተደግፋው የቆመችውም እሱን ነው» አለ። ድምፁ እኩል ስለሆነ ሦስቱም ውሳኔ ጸደቀ።

ጣራው ተነሣ። ፀሐይ ከዘመናት በኋላ የደኑን አፈር አየች።

የጥላይቱ ሰፋፊ ስስ ቅጠሎች ድንገተኛውን ሐሩር አልቻሉትም። በማግሥቱ ዳር ዳራቸው ነጣ፣ በሳልስቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ተኮማትረው ረገፉ። ግንዷ ራቁቱን ቀረ። አገሩ እልል አለ! ሦስት ቀን ተበላ፣ ተጠጣ፤ ዝንጀሮ የድል ሐውልት የሚቆምበትን ድንጋይ መረጠ፣ ጃርትም ሽልማት ተቀበለ። ቡና ብቻ ከበዓሉ ቀረ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ነበር። ደስታችን አልተጋባበትም ተብሎ በዓይነ ቁራኛ እንዲጠበቅ ታዘዘ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ራቁቱ ግንድ ላይ በየአንጓው አዲስ ቅጠል ወጣ። ትንሽ፣ ወፍራም፣ ሸካራ። ቀጥሎ አበባ። በዋንዛና በሾላ ሥር ጣት አክለው ለዓመታት የቆሙት ቡቃያዎች፣ ማንም ያልቆጠራቸው፣ በአንድ ክረምት ከሰው ቁመት በላይ ሆኑ። እስስት ተጠርቶ ለካቸው። «እነዚህ ፀሐይቱ ናቸው» አለ። «ጥላይቱ የለችም፤ ጠፍታለች። ዘመቻው ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል።» የጥላ ጉዳይ ቢሮም ሥራውን ስለጨረሰ በክብር ተዘጋ።

ፀሐይቱ ብቻ ስትቀር «ፀሐይዋን እንንሣት» የሚል ሌላ ሐሳብ መጣ። ፈጥኖ ጥላ የሚሆን ተፈልጎ ባሕር ዛፍ ገባ። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ማደጉን አደገ፤ ጥላው ግን ሳሳ ያለ ነው፣ ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሐል ያልፋል። የወፍ ቆሎ እንደ ልማዷ ግንዷን አርዝማ ተደግፋው ወጣች፤ ላይ ደርሳም አበበች። የተገኘው ውጤት ምንጩ መድረቁ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

እንግዲህ እነ አባ ዝግባ በላይ ይኖራሉ ብያችኋለሁ፤ ቦታቸው ከተዳፋቱ ጫፍ ላይ ነው። ከሰል አክሳዩ አህያው አልወጣለት ስላለ እዚያ አልደረሰም ነበር። አንድ ቀን ፍልፈል በመሬት ውስጥ ሲሄድ እዚያ ደረሰና ወደ ሸንጎው መጣ። ፍልፈል ማየቱ ላይ ደካማ ነው፤ የሚያውቀው በሥር ነው።

«አገሩን በሙሉ በሥሯ ነው የማውቀው» አለ። «ሰርዶ በነበረበት ሥር ዞርኩ፣ እሷ ናት። በዋንዛ ጉቶ ሥር ዞርኩ፣ እሷ ናት። በእነ ዝግባ ሥር ግን ሥሯ ከጢሜ አይወፍርም። አለች፤ ግን የለችም።»

ልዑክ ወጣ። ዝግባዎቹና ጥቁር እንጨቶቹ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ቆመዋል፤ ከላይ አንዲት ቀዳዳ የለም። ከሥር የወፍ ቆሎ ቡቃያዎች አሉ፤ ወፍ መቼም የትም ያርፋል። ግን ስንዝር አይሞሉም። ሁለት ሦስት የገረጣ ቅጠል አላቸው። አበባ የለም፣ ፍሬ የለም። በመጡበት ዓመት የነበራቸው ቁመት ዛሬም ያው ነው። እስስት አንድ ዓይኑን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች አደረገ፤ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ስላየ የሚጽፈው ጠፋው።

ዝንጀሮ ተቆጣ። «በአገሩ ሁሉ ስታብብ እዚህ ብቻ የቀነጨረችው ለምንድን ነው? አባ ዝግባ፣ ምን አድርጋችኋት ነው?»

ዝግባ ሲጠየቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ምንም» አለ። «እኛ እንደ ጥንቱ ተያይዘን ቆመናል፤ ሌላ ያደረግነው የለም።»

እመት ጦጢት «ተያይዘዋል» ብላ ጻፈች። ሰብሳቢው ከትከሻዋ በላይ አንብቦ «አድማ» በሚለው እንድትተካው አዘዘ።

ምክክሩ እዚያው ቀጠለ። ግራር፣ በሁሉም ዘንድ የታየው በአንዱ ዘንድ አለመታየቱ የፍትሕ ጉድለት ነው አለ። ክትክታ፣ ምሥጢሩ እንዲታወቅ ቢያንስ አንድ መስኮት ይከፈት፣ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ፣ ለምርመራ ያህል አለች። ጃርት ለሥራው ዝግጁ መሆኑን ገለጸ። የትኛው ቅርንጫፍ የሚለው ላይ ግን አልተስማሙም፤ ዝግባዎቹ ደግሞ እንደ እነ ብሳና አንዱ ሌላውን አልጠቆመም። ይህም ለአድማው ማስረጃ ሆኖ ተያያዘ።

በመጨረሻ «እስቲ ራሷ ትጠየቅ» ተባለ። ከእነዚያ ስንዝር ከማይሞሉት ቡቃያዎች አንዷ ፊት ለፊት ቆማ ነበር።

«እትዬ የወፍ ቆሎ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ብርሃን ከሰጣችሁኝ አብባለሁ» አለች። «ካልሰጣችሁኝ እጠብቃለሁ።»

ዝንጀሮ ወደ ሸንጎው ዞረ። «ሰማችሁ? የመጣች ቀን የተናገረችው ይህንኑ ነው። ስንቱ ቃሉን ሲለዋውጥ እሷ አንዲት ቃል አልለወጠችም። በዚህ አገር አቋም ያላት እሷ ብቻ ናት!» ተጨበጨበ። የመስኮት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ እንድትሆን ተጠየቀች፤ «ከሰጣችሁኝ» አለች።

ቃለ ጉባኤው ተነቦ እንዲፈረም ለጦጢት ታዘዘ። ጦጢት መዝገቡን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ አገላበጠች። በእነ ዝግባ ሥር ጨለማ ስለነበር ፊደሉን መለየት አልቻለችም። ስለዚህ የመጀመሪያው መስኮት ልክ ከጸሐፊዋ ራስ በላይ እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ዝግባ ድምፅ የመስጠት መብት ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ፤ ስብሰባውም እዚያው እንዲሆን ተስማሙ፣ ያን ጊዜ በቂ ብርሃን ይኖራልና።